የአሮጌ ሞተር ሳይክል አየር ማጣሪያ

ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል። ሰው ትንፋሹ ከተቋረጠ ይሞታል፤ ሞተርም አየር ካላገኘ ይጠፋል። ሰው አቧራ ሲገባበት ያስነጥሳል፣ ያስላል። ሞተር ግን ማስነጠስም ማሳልም አያውቅም። የገባበትን አቧራ ይዞ ውስጥ ውስጡን ይፈጫል። ከቀን ወደ ቀን ኃይሉ ይደክምና በመጨረሻ መንገድ ላይ ይቆማል። ይህ እንዳይደርስ በአየር መግቢያው ላይ ማጣሪያ ይደረግለታል። መካኒኮች ፊልትሮ ይሉታል።

አሮጌ ሞተር ሳይክል የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ከፋብሪካው ጋር የመጣውን ፊልትሮ አያገኝም። ወይ ተቀዷል፣ ወይ ወድቆ ጠፍቷል፣ ወይ መለዋወጫው ከገበያ ላይ የለም። ታዲያ ባለቤቱ ሌላ ፋብሪካ የሠራውን፣ በካርቡራተሩ አፍ ላይ በቀጥታ የሚጠለቀውን ፊልትሮ ይገዛል። ይኸ ይሆናል ወይ? አዎን፣ ይሆናል። ነገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ያለ ጥንቃቄ የተገጠመ ፊልትሮ ሞተር ያቃጥላል። ምክንያቱን ከሥሩ ጀምረን እንመልከት።

ካርቡራተር ምን ይሠራል?

ሞተር ሳይክል የሚሄደው ቤንዚን በማቃጠል ነው። እሳት ያለ አየር አይነድም። አንጥረኛ ብረት ሲያግል ከሰሉን በወናፍ የሚያናፋው ለዚህ ነው። ወናፉ ሲቆም ከሰሉ ይዳፈናል። በሞተር ሳይክል ላይ ቤንዚንንና አየርን መጥኖ የሚቀላቅለው ዕቃ ካርቡራተር ይባላል።

ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባህ የተባሉ ሁለት ጀርመኖች በቤንዚን የሚሄድ የመጀመሪያ ሞተር ሳይክላቸውን የሠሩት እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ከዚያ ወዲህ ሞተር ሳይክሎች ለብዙ ዘመን በካርቡራተር ሲሠሩ ኖረዋል። ዛሬ በብዙ አዳዲስ ሞተር ሳይክሎች ላይ ቤንዚኑን የሚመጥነው በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ መርጫ ነው። አሮጌዎቹ ግን አሁንም በካርቡራተር ይሠራሉ።

1 ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል 15 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። አየር ክብደት አለው እንዴ? አዎን፣ አለው። ቀላል ስለሆነ ግን ብዙ ቦታ ይይዛል። በባሕር ጠረፍ አካባቢ 1 ሊትር ቤንዚን ለማቃጠል 9 ሺህ ሊትር ያህል አየር ያስፈልጋል። ይህም 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል 45 ጊዜ ሞልቶ እንደ ማለት ነው። እንግዲህ በበጋ፣ በአቧራማ መንገድ ላይ ይህን ሁሉ አየር የሚስብ ሞተር ከአየሩ ጋር ምን ያህል አቧራ ሊስብ እንደሚችል እናስብ።

አቧራ ውስጥ ጥቃቅን የአሸዋ ቅንጣቶች አሉ። አሸዋ ደግሞ ሲሊንደሩ ከተሠራበት ብረት ይበልጥ ይጠነክራል። በፒስቶኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት አይበልጥም። አሸዋው እዚያ ሲገባ ቢላዋ በሞረድ እንደሚሞረድ ሁሉ ሲሊንደሩንና የፒስቶኑን ፋሻዎች ይሞርዳል። ያን ጊዜ ሞተሩ ኃይል ያጣል፤ ዘይት ይጠጣል፤ በማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ያወጣል። ይህን ለማሳደስ የሚወጣው ገንዘብ ከብዙ ፊልትሮዎች ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ “ፊልትሮ ባይኖርስ ምን ቸገረኝ፣ ይሄዳል” ብሎ ያለ ፊልትሮ መንዳት ኪሣራ ነው።

የፊልትሮ ሁለተኛ ሥራ

ፊልትሮ አቧራ መያዙን ሁሉም ያውቃል። ሁለተኛውን ሥራውን ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ፊልትሮ አየሩን በመጠኑ ይገታል። ጠባብ ወንፊት ዱቄቱን ቀስ አድርጎ፣ ሰፊው ቶሎ እንደሚያወርደው ማለት ነው። የፋብሪካው ሰዎች ካርቡራተሩን ያስተካከሉት የራሳቸው ፊልትሮና ፊልትሮው የሚቀመጥበት ሣጥን የሚያሳልፉትን አየር ለክተው ነው።

አሁን ሣጥኑን አውጥተን አየር በሰፊው የሚያሳልፍ ፊልትሮ ብንገጥም ምን ይሆናል? አየሩ በቀላሉ ይገባል። ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። ወጥ ውሃ ሲበዛበት እንደሚቀጥን ሁሉ ቅልቅሉ ይቀጥናል። ቀጭን ቅልቅል ሞተሩን ከመጠን በላይ ያግለዋል። ነጂው ይህን ሳያውቅ ከባድ ጭነት ጭኖ ረጅም ዳገት ቢወጣ ፒስቶኑ ሊነክስ፣ እስከ መቅለጥና መበሳትም ሊደርስ ይችላል። ከአቧራ እናድነው ብለን በእሳት እናጠፋዋለን ማለት ነው።

አንዳንድ ሞተር ሳይክል ደግሞ ሁለት ካርቡራተር አለው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1973 በጃፓን ፋብሪካ የተሠራው ሆንዳ ሲቢ 350 ሁለት ሲሊንደርና ሁለት ካርቡራተር አለው። ለእያንዳንዱ ካርቡራተርም የየራሱ ፊልትሮ አለው። በእነዚህ ካርቡራተሮች ውስጥ ያለውን ተንሸራታች ክፍል ከፍና ዝቅ የሚያደርገው በእጅ የሚሳበው ገመድ ሳይሆን የአየሩ ግፊት ልዩነት ነው። ስለዚህ የአየሩ መግቢያ ሲለወጥ ሌሎች ካርቡራተሮች ከሚረበሹት ይበልጥ ይረበሻሉ። በእንዲህ ያለው ሞተር ላይ በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ፊልትሮ መግጠም ግዴታ ነው። በአንዱ አዲስ፣ በሌላው አሮጌ ፊልትሮ ቢደረግ ሁለቱ ሲሊንደሮች እኩል አይሠሩም። ጥማዳቸው እንዳልተካከለ በሬዎች አንዱ ሲጎትት ሌላው ይለግማል።

አገጣጠሙ እንዴት ነው?

1ኛ. ሞተሩን አጥፍተን እስኪቀዘቅዝ እንጠብቃለን። የቤንዚኑን መዝጊያ እንዘጋለን። በአካባቢው ሲጋራም ሆነ ክብሪት አይለኮስም። የካርቡራተሩን ውጭ በጨርቅ እንጠርጋለን። አለበለዚያ አሮጌውን ፊልትሮ ስናወጣ በላዩ የተቀመጠው አቧራ ተራግፎ ወደ ውስጥ ይገባል።

2ኛ. ፊልትሮ ከመግዛታችን በፊት የካርቡራተሩን አፍ እንለካለን። መለኪያ መሣሪያ ከሌለን ክር ይበቃናል። ክሩን በአፉ ዙሪያ አንድ ጊዜ እናዞርና ርዝመቱን በማስመሪያ እንለካለን። ያገኘነውን ቁጥር ለ3.14 እናካፍላለን። ለምሳሌ ክሩ 157 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 157 ለ3.14 ሲካፈል 50 ይሆናል። ስለዚህ አፉ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ፊልትሮ እንገዛለን። ከዚህ የሰፋ ከሆነ በጎኑ አቧራ ያስገባል፤ የጠበበ ከሆነ ላስቲኩ ይቀደዳል።

3ኛ. የካርቡራተሩን አፍ ጠጋ ብለን ስናይ በትልቁ ቀዳዳ ዙሪያ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። እነዚህም አየር መሳቢያዎች ናቸው። የአዲሱ ፊልትሮ ላስቲክ እነዚህን ቀዳዳዎች መድፈን የለበትም። ከተደፈኑ ሞተሩ በሚኒሞ አይቆምም፤ ነዳጅ ሲሰጡትም ያንገራግራል። ብዙ ሰው ጥፋቱን ከካንዴላና ከኤሌክትሪክ ሲፈልግ ይውላል። ጥፋቱ ግን የላስቲኩ ከንፈር ነው።

4ኛ. ፊልትሮውን ከጠለቅን በኋላ በፋሼታ እናጠብቃለን። ፋሼታ ላስቲኩን ዙሪያውን የሚያስር የብረት ቀለበት ነው። በእጃችን ስንነቀንቀው መዞር የለበትም። በካርቡራተሩና በሞተሩ መካከል ያለውንም ላስቲክ እንመርምር። እሱ ከተሰነጠቀ አየር በስንጥቁ ስለሚገባ ፊልትሮው ከንቱ ይሆናል።

5ኛ. ሞተሩ ራሱ የሚተነፍስበት ቀጭን የላስቲክ ቱቦ አለ። በብዙ ሞተር ሳይክሎች ይህ ቱቦ መጨረሻው አሮጌው የፊልትሮ ሣጥን ውስጥ ነው። ሣጥኑ ሲወጣ ቱቦው ሜዳ ላይ ይቀራል። አፉን መድፈን አይገባም፤ ሞተሩ ይታፈናል፣ ዘይትም ማፍሰስ ይጀምራል። ክፍቱንም መተው አይገባም፤ አቧራ ወደ ዘይቱ ሊገባ ይችላል። በአፉ ላይ የራሱ ትንሽ ፊልትሮ ይደረግለታል።

ካንዴላ ይናገራል

ከገጠምን በኋላ ቅልቅሉ ልክ መሆኑን በምን እናውቃለን? ጥቂት ኪሎ ሜትር በመካከለኛ ፍጥነት ነድተን ሞተሩን እናጠፋለን። ሲቀዘቅዝ ካንዴላውን ፈትተን የጫፉን ቀለም እናያለን።

ቀለሙ እንደ ሸክላ ቡናማ ከሆነ ቅልቅሉ ልክ ነው። ጥላሸት ለብሶ ከጠቆረ ቅልቅሉ ወፍሯል፤ ቤንዚን በዝቷል። ነጭ ከሆነ ግን ቅልቅሉ ቀጥኗል፤ አደጋ አለ። ነዳጅ ሲለቁት በማርሚታው በኩል መተኮስም የቅጥነት ምልክት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ሞተር ሳናስተካክል ሩቅ መንገድ አንነዳውም።

ማስተካከያው በካርቡራተሩ ውስጥ ነው። ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ትንሽ የናስ ቁራጭ አለ። በላዩ ቁጥር ተጽፎበታል። በዚያው ፋብሪካ ዕቃ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይሰፋል። ለምሳሌ 100 የነበረውን በ105 መለወጥ ቤንዚኑን ይጨምራል። ቀዳዳውን በሽቦ ወይም በመርፌ ማስፋት ግን አይገባም፤ ልኩ ይጠፋል። ይህን ሥራ ከሚያውቅ መካኒክ ጋር ሆነን፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየለወጥን እንሠራለን። ሦስት ነገር ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም።

ደጋና ቆላ

አገራችን ደጋም ቆላም ናት። ይህ ለካርቡራተር ትልቅ ነገር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የዚያ አየር ከባሕር ጠረፍ አየር አንድ አራተኛ ያህል ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ ቅልቅሉ ይወፍራል። ስለዚህ የደጋ መካኒክ ቤንዚኑን ቀነስ ያደርጋል። ይህ ሞተር ሳይክል ጣርማ በርን ቁልቁል ወርዶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ አየሩ ይበዛለታል፤ ቅልቅሉም ይቀጥናል። በዚያ ላይ አየር በሰፊው የሚያሳልፍ ፊልትሮ ካለበት ይብሱን ይቀጥናል። በደጋ ልክ የነበረው ካንዴላ በቆላ ሊነጣ ይችላል። ቆላ ስንወርድ ካንዴላውን እንደገና ማየት የሚገባን ለዚህ ነው።

አያያዙ

ከስፖንጅ የተሠራ ፊልትሮ በሳሙና ውሃ ይታጠባል። በቤንዚን አይታጠብም፤ እሳት ያመጣል፣ ስፖንጁንም ሊያበላሸው ይችላል። ጥላ ላይ ከደረቀ በኋላ ጥቂት ዘይት ይነካና በመዳፍ ጨመቅ ጨመቅ ይደረጋል። አይጠመዘዝም፤ ይቀደዳል። አቧራውን የሚይዘው ዘይቱ ነው። ከወረቀት የተሠራ ፊልትሮ ግን ውሃም ዘይትም አይነካውም። ቀስ ብሎ ይራገፋል፤ ሲያረጅ ይለወጣል። በበጋ አቧራ ስለሚበዛ ቶሎ ቶሎ ማየት ያስፈልጋል። በክረምት ደግሞ ያለ ሣጥን የተገጠመ ፊልትሮ ዝናብና የወንዝ ውሃ እንዳያገኘው መጠንቀቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። የፋብሪካው ሣጥን በእጃችን ካለ አንጣለው። ውስጡ የሚገባውን ስፖንጅ ብቻ መለወጥ ከሁሉ ይሻላል። ሣጥኑ ከሌለ ሌላ ፊልትሮ በልኩ ገዝተን፣ ገጥመን፣ ቤንዚኑን እናስተካክላለን። በቤንዚን የሚሠራ የውሃ መሳቢያ ሞተርም እንዲሁ ካርቡራተርና ፊልትሮ ስላለው ይኸው ትምህርት ለእሱም ያገለግላል። አባቶቻችን “ሳይቃጠል በቅጠል” ይላሉ። የሞተር ቅጠሉ ፊልትሮው ነው።

እንወያይባቸው

1. ፊልትሮ ያሉት ሁለት ሥራዎች ምንና ምን ናቸው?
2. በካርቡራተር አፍ ዙሪያ የተጠመጠመው ክር 126 ሚሊ ሜትር ቢሆን ስንት ሚሊ ሜትር አፍ ያለው ፊልትሮ ይገዛል?
3. የካንዴላው ጫፍ ነጭ ቢሆን ምን ማለት ነው? ምንስ እናደርጋለን?
4. በአካባቢያችን ያሉት ሞተሮች ፊልትሮ አላቸው? መቼ ታጠቡ?