ተጨማሪ መረጃ፦ ርካሹና ውዱ 120 ፊልም

120 የሚባለውን ጥቅል ፊልም ኮዳክ ያወጣው በ1901 እ.ኤ.አ. ነው። በ6 በ6 ሴንቲሜትር ካሜራ 12 ፎቶ ያነሳል። ከጥቁርና ነጮቹ መካከል የቼክ ሪፐብሊኩ ፎማፓን 100 በርካሽነቱ ይታወቃል፤ የኮዳኩ ቲ-ማክስ 100 ከውዶቹ ወገን ነው።

በሁለቱም ላይ የተጻፈው ፍጥነት፣ ማለትም ለብርሃን ያላቸው ስሜታዊነት፣ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የሚጀምረው ከብር ቅንጣቶቹ ነው። የቲ-ማክስ ቅንጣቶች ጠፍጣፋ ስለሆኑ ፎቶው ተልቆ ሲታተምም ልሙጥ ሆኖ ይወጣል። የፎማፓን ሻካራነት ግን በ120 ፊልም ላይ ብዙም አይጎላም፤ ነጋቲቩ ከ35 ሚሊሜትር ፊልም ነጋቲቭ ከ3 እጥፍ በላይ ይሰፋልና።

እውነተኛው ፈተና ሲመሽ ይመጣል። ፊልም ለረጅም ጊዜ ደካማ ብርሃን ሲቀበል ብርሃን የመሳብ አቅሙ ይቀንሳል። የብርሃን መለኪያው 10 ሰከንድ ካለ፣ በአምራቾቹ መመሪያ መሠረት ለቲ-ማክስ 15 ሰከንድ ይበቃዋል፤ ፎማፓን ግን 80 ሰከንድ ይፈልጋል! ይህን ያላወቀ ተማሪ ፎቶው ሲጨልምበት በካሜራው ያሳብባል። ለቀን ልምምድ ርካሹን ያለ ስጋት ግዙ፤ ለምሽት ሥራ ግን አቅም ካለ ውዱ ይሻላል።