ለአባሮሽ የምትሆን መኪና

ዶዮገና ዳገትና ቁልቁለት ነው። እግሯ ያልታዘዘላት ልጅ ከቤት የምትወጣው በእናቷ ጀርባ ነው። ሣሩ ላይ ትቀመጥና እኩዮቿ አባሮሽ ሲሯሯጡ ልብሳቸውን ትጠብቃለች። ጨዋታውን ታያለች እንጂ አትገባበትም።

አሜሪካ ውስጥ በደላዌር ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ኮል ጋሎዌይና ባልደረቦቹ «ጎ ቤቢ ጎ» በተባለው ሥራቸው እንዲህ ላሉ ልጆች ውድ ማሽን መጠበቁን ትተው፣ በባትሪ የምትሄደውን የልጆች መጫወቻ መኪና አነሡ። መኪናዋ የምትሄደው በእግር መርገጫ ነው፤ መርገጫው ደግሞ ከመብራት ማብሪያ አይለይም። ሽቦዎቹን ከዚያ ፈትቶ መሪው ላይ ከተገጠመ ሰፊ ቁልፍ ጋር ማገናኘት ነው። ልጅቷ መዳፏን ስታሳርፍበት ትሄዳለች፣ ስታነሣ ትቆማለች። ወገቧ ካልጸና ከፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ መደገፊያ ይበጅላታል፤ ቧንቧው ስፖንጅ ይለብሳል፣ ቀበቶም ይታከልበታል። ልጁ ሲቆም ብቻ እንድትሄድ ተደርጋ የምትሠራም አለች፤ እየተጫወተ እግሩን ያጠነክርባታል።

«ማሽን ከለመደማ መራመድ ይሰንፋል» የሚሉ ወላጆች ስጋታቸው ከፍቅር ነው። ነገር ግን ልጅ ራሱ ሄዶ የሚደርስበት ነገር አእምሮውን ያነቃዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ ከ14 እስከ 30 ወር ዕድሜ ሳሉ ባለሞተር ወንበር የተሰጣቸው ልጆች በአንድ ዓመት ውስጥ ንግግር በመረዳት ካልተሰጣቸው በልጠው መገኘታቸውን አሳይቷል። ስለዚህ ትምህርት ቤት እስኪገቡ መጠበቅ ጊዜያቸውን መብላት ነው።

ኢትዮጵያ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በአንቀጽ 30፣ እነዚህ ልጆች ከሌሎች እኩል እንዲጫወቱ ያዝዛል። እጁም አለን፤ መናገሻ ያለው ቼሻየር እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የአካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች ሲረዳ ኖሯል፣ አዲስ አበባ ውስጥም አዲስ ጉዞ ተሽከርካሪ ወንበር ይጠግናል። ሽቦ መቀየሩን ደግሞ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ማንኛውም ባለሙያ ይችለዋል።

የዶዮገና ችግር መሬቱ ነው። የፕላስቲክ ጎማ በክረምት ጭቃ ይንሸራተታል፣ ቁልቁለት ላይም አደገኛ ነው። መኪናዋ ከትምህርት ቤት ሜዳ ወይም ከሌላ ለጥ ያለ ቦታ ውጪ አትነዳ፤ አዋቂ በቶሎ የሚደርስበት ማጥፊያም ከኋላ ይኑራት። ባትሪው መብራት ባለበት ሌሊት ይሞላ።

ደግሞ ልጅቷ ብቻዋን ሜዳ ለሜዳ ብትነዳ ጨዋታ አይሆንም። እኩዮቿ ይጠሩ። ቁልፉን ያሳየው ሰው ዳር ይያዝ፤ ማን ማንን እንደሚያባርር ልጆቹ ይወስኑ።