አንድ ቤተ ሙከራ፣ ብዙ ክፍሎች

«ቤተ ሙከራ» የሚለውን ቃል ስትሰሙ በአእምሯችሁ የሚቀረጸው ረጃጅም ጠረጴዛዎችና በመደርደሪያ ላይ የተሰለፉ ብልቃጦች ያሉበት አንድ ክፍል ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ በዓለም ላይ ስማቸው ቤተ ሙከራ ሆኖ በስፋታቸው ግን አንዲት አነስተኛ ከተማ የሚያህሉ ተቋሞች አሉ። ከእነዚህም አንዱ በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ግዛት፣ ሎንግ አይላንድ በተባለችው ደሴት ላይ የሚገኘው የብሩክሄቨን ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ነው። ይህ ተቋም በምን በምን ክፍሎች እንደተደራጀ፣ የምርምር ክፍልና የምርምር መርሐ ግብር በምን እንደሚለያዩ፣ ክፍሎቹም ሲገናኙ ምን እንደሚገኝ፣ ሳይደማመጡ ሲቀሩ ደግሞ ምን እንደሚደርስ ቀጥለን እንመለከታለን። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ አመሠራረቱን እንመልከት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ጊዜ የአቶምን ጠባይ ለሰላማዊ ተግባር ለመመርመር የሚሹ ሳይንቲስቶች አንድ ችግር ገጠማቸው። የአቶም ማብላያ፣ ማለትም ሪአክተር፣ እንዲሁም ሌሎች ታላላቅ መሣሪያዎች የሚጠይቁት ገንዘብ፣ ቦታና የሰው ኃይል አንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን የሚችለው አልነበረም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኙ 9 ዩኒቨርሲቲዎች ተባብረው አንድ ማኅበር አቋቋሙ። ካምፕ አፕተን ይባል የነበረው የቀድሞ የጦር ሰፈርም ለምርምር ተሰጠ፤ በ1947 ቤተ ሙከራው ተመሠረተ።

የተቋሙን ሥራ በአጭሩ ለመረዳት በአራት መክፈል ይቻላል። የመጀመሪያው የፊዚክስ ምርምር ነው። በዚህ ዘርፍ የተሰማሩት ሊቃውንት የሚጠይቁት ጥያቄ «ቁስ አካል በመጨረሻው ከምን ተሠራ?» የሚል ነው። ለዚህም ጥቃቅን የአቶም ቅንጣቶችን የብርሃንን ፍጥነት እስኪቃረቡ ድረስ የሚያፈጥኑ መሣሪያዎች ይጠቀማሉ። በ1962 ከእነዚህ መሣሪያዎች በአንዱ በተደረገ ሙከራ፣ ኒውትሪኖ የተባለው ቅንጣት አንድ ዓይነት ብቻ አለመሆኑ ተረጋገጠ። ሙከራውን የመሩት ሌደርማን፣ ሽዋርትዝና ስታይንበርገር በ1988 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በ2000 ደግሞ ዙሪያው 3.8 ኪሎ ሜትር የሆነ ታላቅ ቀለበት ሥራ ጀመረ። በቀለበቱ ውስጥ የወርቅ ኑክሊየሶች በተቃራኒ አቅጣጫ እየበረሩ ይጋጩ ነበር። ይህ መሣሪያ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ካገለገለ በኋላ፣ ኤሌክትሮንን ከኑክሊየስ ጋር የሚያጋጭ አዲስ መሣሪያ እንዲተካው ታቅዷል።

ሁለተኛው ዘርፍ የብርሃን ምንጭ ይባላል። ኤሌክትሮኖች በፍጥነት ሲሮጡ መንገዳቸው በማግኔት ከተቀለበሰ እጅግ ብርቱ ጨረር ይለቃሉ። ዙሪያው 792 ሜትር የሆነው የአሁኑ ቀለበት፣ ከ1982 እስከ 2014 የሠራውን የመጀመሪያውን መሣሪያ ተክቶ ይህንኑ ጨረር ያመነጫል። ተመራማሪዎች በጨረሩ አማካይነት የአቶሞችን አሰላለፍ ያጠናሉ። በሥነ ሕይወት ትምህርታችሁ የምታውቁት ራይቦዞም ቅርጹ እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ከተደረጉት ጥናቶች ከፊሉ የተከናወነው በቀድሞው መሣሪያ ነበር፤ በዚህ ረገድ የደከሙት ራማክሪሽናንና ስታይትዝ በ2009 ከተሸለሙት ሦስት ሊቃውንት መካከል ናቸው።

ሦስተኛው ዘርፍ ኬሚስትሪን፣ ሥነ ሕይወትንና የአካባቢ ጥናትን ያቀፈ ነው፤ በዚህ ውስጥ ስለ ዕፅዋት፣ ስለ ደመናና ስለ አየር ጠባይ፣ ኃይልን ስለሚያከማቹ ቁሶችም ይመረመራል። አራተኛው የኮምፒዩተር ሳይንስ ነው። ከላይ የተጠቀሱት መሣሪያዎች የሚያስገኙት መረጃ በሰው እጅ ተቆጥሮ የማያልቅ በመሆኑ፣ ያለ ኮምፒዩተር ባለሙያዎች የሌሎቹ ድካም ፍሬ አያፈራም።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላትን ለይታችሁ እንድትይዙ ያስፈልጋል። «ክፍል» የሚባለው ተመሳሳይ ሙያ ያላቸው ሰዎች የሚሰባሰቡበት ቋሚ መኖሪያ ነው፤ ኬሚስቱ ከኬሚስቱ፣ የፊዚክስ ሊቁም ከመሰሉ ጋር ይሠራበታል። «መርሐ ግብር» ግን ለአንድ ዓላማ የተነደፈ፣ በጀትና ጊዜ የተወሰነለት ሥራ ነው። የተሻለ የኤሌክትሪክ ባትሪ ለመሥራት መርሐ ግብር ቢነደፍ፣ ኬሚስቱ ቁሱን ያዘጋጃል፤ የብርሃን ምንጩ ባለሙያ ውስጡን ያያል፤ የኮምፒዩተር ባለሙያው ውጤቱን ያሰላል። ስለዚህ ክፍል «ምን ታውቃለህ?» ለሚለው ጥያቄ፣ መርሐ ግብር ደግሞ «እውቀትህን ለምን ታውለዋለህ?» ለሚለው መልስ ይሰጣል።

የዚህ አደረጃጀት ጥቅም ጎልቶ የታየው በአንድ አጋጣሚ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ገደማ ዋልተር ታከርና ማርጋሬት ግሪን የተባሉ ተመራማሪዎች ጨረር የሚያመነጭ አዮዲን ሲያጣሩ፣ ያልጠበቁት ባዕድ ነገር ተቀላቅሎ አገኙ። ቢመረምሩት ሞሊብዲነም 99 ከተባለው ንጥረ ነገር የሚወለድ ቴክኒሺየም 99ኤም ሆነ። ባዕዱን ነገር እንደ ጉድፍ ቆጥረው ከመጣል ይልቅ፣ ከወላጁ የሚለይበትን ዘዴ አዘጋጁ።

የዚህ ንጥረ ነገር መጠን በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በአንድ ቀን ውስጥ አራት ጊዜ ስለሚገመስ፣ በማግሥቱ የሚተርፈው ከመጀመሪያው 1/16 ብቻ ነው። ይህ ለታማሚው መልካም ነው፤ ጨረሩ በሰውነቱ ውስጥ ብዙ አይቆይምና። ነገር ግን ከሩቅ ላለ ሆስፒታል እንዴት ይላካል? መፍትሔው ልጁን ትቶ ወላጁን መላክ ሆነ። ሞሊብዲነም 99 በግማሽ ለመቀነስ 66 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅበት ረጅም መንገድ ይችላል። ሆስፒታሉ ሲደርስም ባለሙያው በጨው ውኃ እያጠበ የተወለደውን ቴክኒሺየም በየዕለቱ ይወስዳል። ሠራተኞቹ ይህን ዕቃ «ላም» ብለው ጠሩት፤ ታልባ ካደረች በኋላ በማግሥቱ እንደገና ትታለባለችና።

ይሁን እንጂ የግኝቱ ዋጋ ወዲያው አልታወቀም። ቤተ ሙከራው ለፈጠራው የባለቤትነት መብት እንዲጠየቅለት ባሳሰበ ጊዜ፣ ጉዳዩን የተመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውጤቱ ከቤተ ሙከራ ጥናት የዘለለ ገበያ ይኖረዋል ብሎ አላመነም። ኬሚስቶቹ ዕቃውን ይዘዋል፤ ሐኪሞቹ ግን መኖሩን አላወቁም። ይህን ክፍተት የሞላው ከ1960 ጀምሮ ንጥረ ነገሩ ለሕክምና እንደሚበጅ ለሐኪሞች ያስረዳው ፓወል ሪቻርድስ ነው። በ1961 የመጀመሪያው «ላም» ቺካጎ ወደሚገኝ የካንሰር ምርምር ሆስፒታል ተላከ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ልብን፣ አጥንትንና ሌሎች የሰውነት ክፍሎችን ለመመርመር በየዓመቱ በአሥር ሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ምርመራዎች ላይ የሚውለው ይኸው ንጥረ ነገር ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። በሕክምናው ክፍል ይሠራ የነበረው ሐኪም ጆርጅ ኮትዚያስ፣ ማንጋኒዝ የተባለው ማዕድን የቺሌን ማዕድን ቆፋሪዎች እንዴት እንደሚመርዝ ያጠና ነበር። በሰውነት ውስጥ ያለው ማንጋኒዝ እጅግ ጥቂት በመሆኑ ለመለካት የሪአክተር ኒውትሮኖች አገለገሉ። የተመረዙት ሰዎች ምልክት ሰውነትን የሚያንቀጠቅጠውንና የሚያደነዝዘውን የፓርኪንሰን በሽታ ስለመሰለ፣ ሐኪሙ ፊቱን ወደዚያ በሽታ መለሰ። ዶፓ የተባለውን መድኃኒት በጥቂቱ ጀምሮ ቀስ በቀስ መጠኑን በማሳደግ ያገኘውን አስደናቂ ለውጥ በ1967 አሳወቀ። ከዚህ የመነጨው ሕክምና እስከ ዛሬ ታማሚዎችን ይረዳል።

እስከዚህ የተናገርነው ስለ መልካሙ ገጽ ነው። ገላጭ ጽሑፍ ግን ሌላውንም ገጽ መደበቅ የለበትም። በ1965 ሥራ የጀመረ አንድ ሪአክተር ያገለገለ ነዳጁን የሚያስቀምጥበት የውኃ ገንዳ ነበረው። በ1997 መጀመሪያ፣ በአካባቢው ከርሠ ምድር ውኃ ውስጥ ትሪቲየም የተባለ ጨረር አመንጪ ነገር ተገኘ። ገንዳው ለዓመታት ሳይታወቅ ሲያፈስ ኖሮ ነበር። የውኃውን ንጽሕና የሚቆጣጠሩ ጉድጓዶች እንዲቆፈሩ ቀደም ሲል ስምምነት ቢደረስም፣ ሥራው ዝቅተኛ ቅድሚያ ስለተሰጠው ዘግይቶ ነበር። ብክለቱ ሕዝቡ ከሚጠጣባቸው ጉድጓዶች ባይደርስም፣ የሎንግ አይላንድ ነዋሪ የሚጠጣው ከመሬት በታች ያለውን ውኃ ነውና ቍጣው ታላቅ ሆነ። በዚያው ዓመት መንግሥት ቤተ ሙከራውን ለ50 ዓመታት ያስተዳደረውን ማኅበር ውል አቋረጠ፤ በ1999 ሪአክተሩ ለዘለቄታው እንዲዘጋ ተወሰነ። ለካ አንድ ክፍል በምርምር ቢራቀቅም፣ ስለ አካባቢ ደኅንነት የሚያሳስበውን ወገን ካላዳመጠ የራሱን መሣሪያ እስከ ማጣት ይደርሳል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምትረዱት ቁም ነገር አለ። እውቀት በክፍል የሚከፋፈለው አንድ ሰው ሁሉን መያዝ ስለማይችል፣ ለሥራ እንዲመች ነው፤ ተፈጥሮ ራሷ ግን በክፍል የተከፋፈለች አይደለችም። ታማሚው አልጋ ላይ ሲተኛ የደረሰለት ኬሚስትሪ ብቻ፣ ወይም ፊዚክስ ብቻ፣ ወይም ሕክምና ብቻ አልነበረም። እናንተም ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪንና ሥነ ሕይወትን በልዩ ልዩ ደብተር ስትጽፉ፣ በአንዱ ደብተር ያልተፈታው ጥያቄ መልሱ በሌላው ውስጥ ሊገኝ እንደሚችል አትዘንጉ።