ስቶክዌል፦ ቱሪስት የሚያልፈው ሰፈር

ከአገር ቤት ለንደን ዘመድ ጥየቃ የመጣ እንግዳ የሚዞርበት ቦታ የታወቀ ነው፤ ቢግ ቤን፣ ታወር ብሪጅ፣ የቤተ መንግሥቱ በር፣ ከዚያ ኦክስፎርድ ስትሪት ለገበያ። ከቴምዝ በስተደቡብ ያለውን ስቶክዌልን ግን ባቡር ለመቀየር ካልሆነ የሚወርድበት ቱሪስት ጥቂት ነው። ግማሽ ቀን ቢሰጡት የሚያስቆጭ አይደለም፤ አብዛኛው የሚታየውም በእግርና በነጻ ነው።

ጉብኝቱ ከጣቢያው ይጀምራል። ዐፄ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ዘውድ በጫኑ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1890፣ በጥልቅ ዋሻ የሚሄደው የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር የተመረቀው እዚህ ነው። መሬት ውስጥ ምን የሚታይ አለ ተብሎ ፉርጎዎቹ መስኮት የላቸውም የሚባሉ ነበሩ። የዛሬው ሕንጻ ያን ዘመን አያስታውስም። በሩ አጠገብ ያለው የሞዛይክ መታሰቢያ የሚናገረው ስለሌላ ቀን ነው፤ በ2005 ፖሊስ አጥፍቶ ጠፊ መስሎት ባቡሩ ውስጥ ተኩሶ ስለገደለው ብራዚላዊ ወጣት፣ ስለ ዣን ቻርልስ ደ ሜኔዝስ።

መንገዱን ሲሻገሩ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተቆፈረው መጠለያ መግቢያ በሥዕል ተሸፍኖ ይታያል። ከተሣሉት አንዷ ናዚዎች የረሸኗት የሰፈሩ ልጅ፣ ሰላይዋ ቫዮሌት ዛቦ ናት። አጠገቡ ሕጻን ከፍ አድርጋ የያዘች ጥቁር ሴት የነሐስ ሐውልት በ2008 ቆሟል።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ የአውቶቡስ ጋራዡ ነው። በ1952 ሲከፈት ከጦርነቱ በኋላ ብረት ጠፍቶ ስለነበር መሐንዲሶቹ ጣሪያውን በኮንክሪት ሠሩት። ወደ 60 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያላቸው ቅስቶች ከዳር እስከ ዳር ሲዘረጉ መሐል ላይ አንድ ምሰሶ እንኳ የለም፤ ከሥሩ 200 አውቶቡስ እንዲያድር ታስቦ ነው የተሠራው። በቅስቶቹ መካከል ያለው ጣሪያ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ይላል፤ ብርሃኑም የሚገባው ከላይ ነው። በጥብቅ ቅርስነት የተመዘገበ ቢሆንም ዛሬም ሥራ ላይ ያለ ጋራዥ ስለሆነ ከበሩ ውጭ ቆሞ ማየት እንጂ ዘው ብሎ መግባት አይቻልም።

ሃክፎርድ ሮድ ቁጥር 87 ቫን ጎግ በ20 ዓመቱ፣ ገና ሠዓሊ ሳይሆን የሥዕል ነጋዴዎች ተቀጣሪ ሳለ፣ ተከራይቶ የኖረበት ቤት ነው። ወደ ሥራው ኮቨንት ጋርደን የሚሄደው በእግሩ ነበር። ቤቱን ፈልጎ ያገኘው ደግሞ በ1971 የፖስታ ሠራተኞች ሥራ ባቆሙበት ጊዜ መዝገብ ያገላበጠ አንድ ፖስታ አዳይ ነው። አሁን ለጎብኚ ይከፈታል፤ ቀኑን ግን አስቀድሞ ማጣራት ነው።

ሳውዝ ላምቤዝ ሮድ የፖርቱጋሎች ነው፤ ብዙዎቹ ከማዴይራ ደሴት የመጡ ናቸው። ካፌዎቹ ውስጥ ከቡና ጋር ፓስቴል ዴ ናታ ይቀርባል። እንቁላልና ወተት አለበትና ጾም ከሆነ ይለፍዎ። ባሕር ካማረዎት ደግሞ በ1978 የተሠራውና ወጣቶች በስኬትቦርድ የሚንሸራተቱበት የኮንክሪት ሜዳ «ብሪክስተን ቢች» ይባላል፤ ውኃ ግን ጠብታም የለው።

ለኢትዮጵያዊ ጉብኝቱ እዚህ ሊያበቃ አይገባም። በቪክቶሪያ መስመር ቪክቶሪያ ጣቢያ ወርደው ባቡር ቀይረው ሳውዝ ኬንሲንግተን ይድረሱ። መግቢያው ነጻ የሆነው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉ ቅርሶችን ይዟል፤ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ለጎንደር ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን እንደሰጡት የሚታመነው የወርቅ አክሊል ከነዚሁ ነው። ለእይታ መውጣቱን ከመሄድዎ በፊት ይጠይቁ። ሙዚየሙ በ2018 ቅርሶቹን ለረጅም ጊዜ በውሰት ለመላክ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ኢትዮጵያ በ2007 ያቀረበችው ጥያቄ ግን ውሰት ሳይሆን እንዲመለሱላት ነው።