ደብተሩ ይቅደም ወይስ ተረቱ?

በሀይሌ ጋርመንት አደባባይ የማታ ታክሲ የሚጠብቅ አንድ መምህር በቦርሳው አምሳ የሚታረም ደብተር፥ በልቡ ደግሞ ለልጆች ሊጽፈው ያሰበውን ተረት ይዞ ቢቆም፥ ከሁለቱ የትኛው ይቅደም? ደብተሩ ነው እንላለን። ሳይታረም የሚያድረው ደብተር የልጁ ነውና፤ ሳይጻፍ የሚያድረው ተረት ግን የደራሲው ነው፥ ደራሲም መታገሥ ይችላል።

ሐዲስ ዓለማየሁ ከኢጣልያ ወረራ በፊት በጎጃም አስተማሪ ነበሩ። «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው ግን በ1948 ዓ.ም. ነው፤ በመካከሉ ጦርነት፥ በኢጣልያ አገር እስራትና የዲፕሎማሲ ሥራ ገብቶበታል። የሩሲያው ቶልስቶይም በያስናያ ፖልያና ለገበሬ ልጆች ትምህርት ቤት የከፈተው በ1859 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ «አዝቡካ» የተባለውን የንባብ መጽሐፍ ያወጣው በ1872 ነው። እርሱስ ባለ ርስት ነበር፤ የወር ደመወዝ አይጠብቅም!

ይሁን እንጂ መምህሩ ባለ ርስቱ በገንዘብ የማይገዛው ሀብት አለው። ልጅ የትኛው ቃል ላይ እንደሚደናቀፍ፥ የቱ ጋ እንደሚሥቅ በየቀኑ ያያል። ይህን በትንሽ ማስታወሻ በዕለቱ ቢይዝ፥ ሐምሌና ነሐሴ ሲደርሱ ባዶ ወረቀት አያስፈራውም። መስከረም ላይ ጽሑፉን ለክፍሉ ያንብብ፤ ልጆቹ በመስኮት ማየት የጀመሩበትን ገጽ ያለ ርኅራኄ ይሰርዝ።

በትምህርት ጽሕፈት ቤት ያላችሁ ወጣቶችም፥ እንዲህ ላለው መምህር በሳምንት አንድ የንባብ ክፍለ ጊዜ ብትፈቅዱለት ወጪው ምንድን ነው?