«ለካቦው ከፍያለሁ»፦ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ የቀን ሠራተኞች ሐቅ የት ላይ ይጠፋል?

ክረምት ሲገባ ከላይ ጋይንት፣ ከታች ጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ብዙ ወጣቶች ወደ መተማ፣ ቋራና ሁመራ ይወርዳሉ። ሐምሌና ነሐሴ የሰሊጥ አረም፣ ከመስከረም በኋላ ደግሞ አጨዳው ይጠብቃቸዋል። ሁለቱ ጋይንቶችና ስማዳ ለዓመታት በሴፍቲኔት የታቀፉ ወረዳዎች ናቸው። መሬቱ ጠባብና የተራቆተ በመሆኑ የቆላው ሥራ ለብዙ ቤት የማዳበሪያ ዕዳ መክፈያ፣ የልጆች ልብስና ደብተር መግዣ ነው። አንድ ሰው ሁለት ወር አርሞ ባዶ እጁን ሲመለስ የሚጎዳው እሱ ብቻ አይደለም፤ ቤተሰቡ በሙሉ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ደመወዙ የት ላይ እንደሚጠፋ፣ ሸሪዓውና የአገሪቱ ሕግ ምን እንደሚሉ፣ ሠራተኛውም ምን ማድረግ እንደሚችል እናያለን።

ክርክሩ የሚጀመረው በቅጥሩ ቀን ነው

በቆላው ሥራ ብዙ ጊዜ ሦስት ወገኖች አሉ፦ ሠራተኛው፣ ሠራተኛ የሚሰበስበው ደላላ ወይም ካቦ፣ እና የእርሻው ባለሀብት። ሠራተኛው የሚያውቀው ካቦውን ነው፤ የባለሀብቱን ስም እንኳ ላያውቅ ይችላል። ክፍያው ሲደርስ ባለሀብቱ «እኔ ለካቦው ከፍያለሁ» ይላል፤ ካቦው ደግሞ «ገና አልተቀበልኩም» ይላል ወይም ስልኩን ያጠፋል።

ሁለተኛው የጠብ ምንጭ ልኬቱ ነው። ሥራው በቀን ነው ወይስ በኮንትራት? በኮንትራት ከሆነ ማሳውን የሚለካው ማን ነው? አረሙ ከተጠበቀው በላይ ቢበዛ ዋጋው ይስተካከላል? ሦስተኛው ተቀናሽ ነው፤ የምግብ፣ የመድኃኒትና የመጓጓዣ እየተባለ መጨረሻ ላይ የሚቆረጥ ሒሳብ። እነዚህ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን በሁለት ደቂቃ የሚነገሩ ነበሩ። ሳይነገሩ ሲቀሩ ግን የሁለት ወር ድካም ይበላሉ።

ሸሪዓው ምን ይላል?

በኢጃራ (በቅጥር) ሕግ ሥራውና ክፍያው አስቀድመው የታወቁ መሆን አለባቸው። ለዚህ በሱረቱል ቀሶስ የተነገረው የነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) ቅጥር ጥሩ ትምህርት ነው። ግዴታው 8 ዓመት መሆኑ፣ 10 ቢሞላ ግን በፈቃዱ መሆኑ አስቀድሞ ተለይቶ ተነግሯል። ግዴታውና በጎ ፈቃዱ አልተደባለቁም። በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ ደግሞ አላህ (ሱ.ወ) ዕዳ እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆምበት አዟል። ስለዚህ «ይጻፍልኝ» ማለት ሰውን አለማመን አይደለም።

ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲሰል ቁድሲ አላህ (ሱ.ወ) በቂያማ ቀን ራሱ ከሚሟገታቸው ሦስት ሰዎች አንዱ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን ካሠራ በኋላ ደመወዙን የከለከለ ሰው መሆኑ ተነግሯል።

ደላልነትም በራሱ ሐራም አይደለም። ኮሚሽኑ የታወቀና የተስማሙበት ከሆነ ይፈቀዳል። ሐራሙ ሳይነገር ከድሃ ደመወዝ ላይ የሚቆረጠው ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውል የግድ በጽሑፍ ይሁን አይልም። በቃል ከሆነ ግን አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ባይሰጥም የሠራተኛው መብት አይቀርም።

ደመወዝ የሚከፈለው ለራሱ ለሠራተኛው ወይም ሠራተኛው ለወከለው ሰው ነው። እዚህ ላይ «ለካቦው ከፍያለሁ» የሚለው መልስ ጥያቄ ይነሳበታል፦ ሠራተኛው ካቦውን ወክሎታል? ካልወከለው፣ አሠሪው ለሌላ ሰው በመክፈሉ ብቻ ከዕዳው ነፃ አይወጣም።

ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አዋጁ ሥራን በራሱ የንግድ ወይም የሙያ ኃላፊነት ወስዶ የሚሠራን ሰው እንደ ሠራተኛ አይቆጥረውም። ካቦው ማሳውን በራሱ ስም ኮንትራት ወስዶ እናንተን የቀጠራችሁ እሱ ከሆነ፣ አሠሪያችሁ ካቦው ነው ሊባል ይችላል። ለዚህ ነው «የሚከፍለኝ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከብሩ መጠን በፊት መጠየቅ ያለበት።

ብዙዎች የሚጎዱበት ሌላው ነጥብ ይርጋ ነው። ያልተከፈለ የደመወዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። በኅዳር መከፈል የነበረበት የአጨዳ ሒሳብ ጊዜው በግንቦት ያልቃል። «በሚቀጥለው ክረምት ስወርድ እቀበላለሁ» ያለ ሰው ሐምሌ ላይ ሲደርስ በሕግ የሚጠይቅበት ጊዜ አልፎበታል። አሠሪው ዕዳውን በግልጽ ካመነ ግን ይርጋው ይቋረጣል። ሽምግልና ከተቀመጣችሁ የታመነውን ዕዳ አስጽፋችሁ አስፈርሙ።

የይርጋው ጊዜ አልፏል ብሎ እፎይ የሚል አሠሪ ደግሞ የዋሻውን ሦስት ሰዎች ሐዲስ ያስታውስ። አንደኛው ሠራተኛው ሳይቀበል ትቶት የሄደውን ደመወዝ አርብቶ፣ ባለቤቱ ከዘመናት በኋላ ሲመጣ ከነርቢው አስረክቦታል። በአላህ ዘንድ ሐቅ በ6 ወር አይዘጋም።

ክሱ የሚቀርበው የት ነው? የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሥራ እንደ ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ውርስና ወቅፍ ያሉ ጉዳዮች ናቸው። የደመወዝ ክርክር የሚታየው በመደበኛው ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ሲሆን፣ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅበትም።

ወደ ዐረብ አገር ለሚሄዱ እህቶች

እዚህም ሦስት ወገኖች አሉ፦ ሠራተኛዋ፣ ኤጀንሲውና አሠሪው። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የኢንሹራንስ ወጪ የአሠሪው ነው። ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ ክትባትና ከወንጀል ነፃ ማስረጃ የሠራተኛዋ ናቸው። የላከው ኤጀንሲም ለውሉ መጣስ ከአሠሪው ጋር በጋራ ይጠየቃል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ በደላላ በድብቅ የሄደች እህት ደመወዟ ቢቀር አገር ቤት ሆኖ በኃላፊነት የሚጠየቅላት ኤጀንሲ የላትም።

ከመውረድ በፊት

ባለፉት ዓመታት በክልሉ የቆየው ግጭት መንገዱን አስቸጋሪ አድርጎታል፤ ለክስ ብሎ ተመልሶ መውረድ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ጥንቃቄው ከቅጥሩ ቀን ይጀምር፦

• የባለሀብቱን ሙሉ ስም፣ ስልክና የእርሻውን ቦታ ያዙ፤ ለቤተሰብም ላኩ።
• ዋጋውን፣ ልኬቱን፣ ተቀናሹንና የክፍያውን ቀን በአንድ ወረቀት አስፍራችሁ በሁለት ምስክር አስፈርሙ። መጻፍ የማትችሉ ከሆነ የሚችል ጓደኛ ይጻፍላችሁ።
• ሒሳቡ እስከ መጨረሻው ቀን አይጠራቀም፤ በየሳምንቱ ወይም በየ15 ቀኑ ይዘጋ።
• በባንክ ወይም በቴሌብር በየራሳችሁ ስም ይላክላችሁ፤ ማስረጃ ይሆናል።

የመስጂድ ኢማሞቻችንና ኡስታዞቻችን ወጣቶች ከመውረዳቸው በፊት ባለው ጁሙዓ ስለ ቅጥር ሐቅ ቢያስታውሱ፣ ለውሉም የአንድ ገጽ ናሙና ቢያዘጋጁ ብዙ ክርክር ሳይጀመር ይቀራል። ከእኛው መካከል ባለሀብት፣ ካቦና ደላላ የሆናችሁ ወንድሞችም የሰው ሐቅ በእጃችሁ ያለ አማና መሆኑን አትርሱ።

አላህ ለሠራተኛው ሐቁን፣ ለአሠሪው በረካውን ይስጥ። አሚን።