ዕድሜው የገፋና ቶሎ የሚቈጣ ቆዳ በቤት ውስጥ ስለሚጠበቅበት መንገድ

በአሶሳ ኅዳር ገብቶ ዝናቡ ካቋረጠ በኋላ እስከ ሚያዝያ ባሉት ደረቅ ወራት፣ ይልቁንም አርባ ዓመት ያለፋቸው እናቶችና መምህራን፣ «ቆዳዬ ደረቀ፤ ይበላኛል፤ ሳሙና ሲነካው ያቃጥለኛል» እያሉ ይጠይቁናል። ነገሩ የሚያስገርም አይደለም። የቆዳችን የውጭው ገጽ በጡብ እንደ ተሠራ ግንብ ነው፤ ጡቡ የደረቁ ሕዋሳት፣ ጭቃው ደግሞ በመካከላቸው ያለው ቅባት ነው። ዕድሜ በገፋ መጠን ይህ ቅባት ያንሳል፤ ወዝ የሚያወጡት ዕጢዎችም ይደክማሉ፤ በሴቶች ዘንድ የወር አበባ ሲቋረጥ ለውጡ ይፈጥናል። ጭቃው በሳሳበት ግንብ ውሃው ከውስጥ በቀላሉ ይወጣል፤ የሚያቃጥለውም ነገር ከውጭ በቀላሉ ይገባል።

ስለዚህ አዲስ ነገር ከመቀባት አስቀድሞ የሚጐዳውን መተው ይገባል። የልብስ ሳሙና ለገላ አይሆንም። ጤናማ ቆዳ በመጠኑ ወደ ኮምጣጣነት ያዘነበለ ሲሆን፣ በኬሚስቶች መለኪያ 5 ገደማ ነው፤ ሳሙናው ግን እስከ 10 ይደርሳልና የቆዳውን ቅባት አጥቦ ይወስደዋል። ብብት፣ ብሽሽትና እግር በሳሙና ከታጠቡ ለቀረው ገላ ለብ ያለ ውሃ ይበቃዋል። እኛም በባሕር ማዶ በተማርንበት ጊዜ፣ በክረምቱ ብርድ ምክንያት በየማለዳው በሚያቃጥል ውሃ እየታጠብን ቅልጥማችን እስኪሰነጣጠቅ ደርሰን ነበር፤ ይህን ትምህርት መጀመሪያ ያገኘነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከማሳከኩ ነው።

ለቅባቱ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሰሊጥ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚበቅል አዝርዕት ነው። ሳይቈላ የተጨመቀ፣ ያልሻገተ የሰሊጥ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ከብርሃን ርቆ ይቀመጥ። ከታጠቡ በኋላ ገላን በፎጣ ሳይፈትጉ ነካ ነካ አድርገው፣ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ በሦስት ደቂቃ ውስጥ በስሱ መቀባት ነው። ዘይት ውሃን አይጨምርም፤ ያለውን እንዳይወጣ ይይዛል እንጂ። በደረቀ ቆዳ ላይ ቀብቶ «አልጠቀመኝም» የሚል ሰው የሳተው ይህን ነው። ሰሊጥ የማይስማማው ሰው ስላለ አስቀድሞ በክንድ መታጠፊያ ላይ ጥቂት ቀብቶ ሁለት ቀን መጠበቅ ይገባል። ከቀላ ወይም ካሳከከ ሽቶ የሌለው ቫዝሊን ይተካዋል። መምህራን ጠመኔ የእጃቸውን ወዝ ስለሚመጥ፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ እጃቸውን ታጥበው እንዲሁ ቢያደርጉ መልካም ነው።

ለሚበላ ቆዳ ከደጋ የሚመጣው አጃ እጅግ ደግ ነው። አንድ ጭብጥ አጃ አድቅቆ በንጹሕ ጨርቅ መቋጠርና ለብ ባለ ውሃ መዘፍዘፍ፤ ውሃው እንደ ወተት ሲነጣ በቋጠሮው ቆዳውን ቀስ አድርጎ ማበስ፤ ከዚያም ዘይቱን መቀባት ነው። እሬት የሚጠቀሙ ሰዎች ከቅጠሉ የሚወርደው ቢጫ ፈሳሽ ቆዳን ስለሚያሳክክ በደንብ አጥበው በመካከሉ ያለውን ጥርት ያለ ሙጫ ብቻ ይውሰዱ።

«ሎሚ ፊት ያጠራል» የሚለውን ግን አጥብቀን እንቃወማለን። ሎሚ የተቀባ ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ እሳት ይቃጠላል፤ ጥቁሩም ምልክት ለወራት አይለቅም። በገበያ የሚሸጡት ቆዳ የሚያነጡ ክሬሞችም ከዚህ የከፉ ናቸው፤ በአንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጐዳል፤ በሌሎቹ ውስጥ ያለው ብርቱ ኮርቲዞን አስቀድሞ የሳሳውን ቆዳ እንደ ወረቀት ያሳሳዋል። ወይባ መሞቅን በሚመለከት የባህሉን ክብር አንነካም፤ ነገር ግን ሙቀቱ ቆዳን ያደርቃል፤ በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰልም ሰው ይገድላል።

ይህን ሁሉ አድርጎ ማሳከኩ ያልተወው ሰው ግን ዘይት ብቻ እየቀባ መቀመጥ የለበትም። ይልቁንም ገና በሠላሳ ዓመቱ ቆዳው እንደ ሽማግሌ የተጨማደደ፣ የወፈረ፣ በቅልጥሙም ላይ እንደ ነብር ቆዳ ነጫጭ ነጠብጣብ የወጣበት ሰው በክልላችን ሲገኝ፣ ኦንኮሰርካይሲስን መጠርጠር ይገባል። ይህን በሽታ የምታስተላልፈው በፈጣን ወንዞች አጠገብ የምትራባና ቀን የምትነክስ ትንሽ ጥቁር ዝንብ ናት። ከሰው ወደ ሰው የምታደርሳቸው ጥቃቅን ትሎች በቆዳ ውስጥ ይመላለሳሉ፤ ዓይንንም ሊያጠፉ ይችላሉ። (ንኪት የማይሰማበት ለምጽ መሰል ምልክት ካለ ደግሞ የሥጋ ደዌ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ መመርመር ያስፈልጋል።)

መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ነው፤ ያገኙት ሊቃውንት በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ክኒኑ የሚታደለው በቁመት ተለክቶ ነው፤ ቁመታቸው 90 ሳንቲ ሜትር ላልሞላ ሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ በወለዱ በመጀመሪያው ሳምንት ላሉ እናቶችና በጽኑ ለታመሙ አይሰጥም። ወጣቶቹን ትሎች እንጂ ከአሥር ዓመት በላይ የሚኖሩትን እናቶቻቸውን ስለማይገድል በየዓመቱ መደጋገም አለበት። ክኒኑን በዋጡ በማግሥቱ ማሳከኩ ሲብስባቸው «መድኃኒቱ ጐዳን» ብለው በሚቀጥለው ዓመት የሚሸሹ ሰዎች አሉ። ማሳከኩን የሚያብሱት በቆዳው ውስጥ የሚሞቱት ትሎች ናቸው፤ በጥቂት ቀን ይበርዳል፤ እስከዚያው ለብ ያለው ውሃና የአጃው ቋጠሮ ያስታግሱታል።